የሙዝ ሽቶ

ፋና ሻርፗን ከሳፋው አውጥታ ጨመቀችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አሁንም ይሸታል። በዱቄት ሳሙና አጥባዋለች፣ በሎሚ አሽታዋለች፣ ገመድ ላይ አሳድራዋለች፤ ሙዙ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ጠዋት ነው፤ ደወል ሊደወል ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ እሷ ገና ዩኒፎርሟን አልለበሰችም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚሉት ነገር በዓይኗ አልዞረም። አንገቷ ላይ ንብ የነደፋት ቦታ ሁሉ አብጦ ይጠዘጥዛታል።

«አንቺ፣ ጨርቁን ልትጨርሽው ነው እንዴ?» አለቻት ኢየሩሳሌም ፀጉሯን እያሰረች።

ኢየሩሳሌም፣ ጓደኞቿ እንደሚጠሯት ጄሪ፣ የሻንቶ ከተማ ልጅ ናት። ፋና ደግሞ ከሁምቦ ቆላ ነው የመጣችው። ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ሶዶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየቤታቸው ሄደው የሳምንት ቀለባቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ጄሪ ሻርፑ የሚታጠበው ሽቶው ስለበዛ ብቻ መስሏታል። ሽቶ ሻጭ አክስቷ ቀሽት ዕቃ እንጂ ሌላ እንደማታመጣ ተናግራ ሳቀች። ፋና አልሳቀችም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐሙስ ነው። መጋቢት ሲሆን ደጋ ነኝ የምትለው ሶዶ እንኳ ትግላለች፤ ሰባ ተማሪ በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲታጎር ምን እንደሚሆን የተማረበት ያውቀዋል። ሁምቦ እነፋና ቤት ምግብ የሚበስለው በእንጨት ስለሆነ ልብሷ ሁሉ ጢስ ጢስ ይላል። ያን ቀን ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ «የሆነ ቤት እየተቃጠለ ነው እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች። መሳቃቸው ሳይሆን አብራ መሳቋ ቀኑን ሙሉ ሲያናድዳት ዋለ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጄሪ ወደ አክስቷ ሱቅ ወሰደቻት። አክስቷ እልፍነሽ መናኸሪያው አጠገብ ሽቶ ቤት አላት። የታሸገም የሚቀዳም ትሸጣለች፤ ለሚቀዳው ዘይቱን ከትልልቁ ጠርሙስ በሲሪንጅ ትለካለች፣ አልኮል ትጨምርበታለች፣ ብልቃጡን ነቅነቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ሙቀት ሲመጣ የምታስተዋውቀው የፍራፍሬውን ነው፤ ማንጎ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ሙዝ። «ከባድ ሽቶ በሙቀት ራስ ያዞራል፤ ፍራፍሬ ግን ነፍስ ይዘራል» ብላ በቴሌግራም ቻናሏ ትለጥፋለች። ሰዉም ይገዛላታል። ከገዢዎቿ ግማሹ ጓሮው ውስጥ ማንጎ እየወደቀ የሚበሰብስበት ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ዛፍ ላይ ያለው ማንጎ ሌላ፣ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

እልፍነሽ ለምሳ ወጥታ ነበር። ጄሪ ሱቁን እየጠበቀች አንዲት ብልቃጥ አነሳችና የሙዙን ዘይት ትንሽ ጠብ፣ አልኮሉን ደግሞ ሞልታ ቀላቀለችላት። እልፍነሽ የቀላቀለችውን ሳምንት ሳታስቀምጥ አትሸጥም፤ ቶሎ ከተቀባ አልኮሉ ይጮሃል ትላለች። ፋና ይህን ስታነሳባት ጄሪ «አታካብጂ ባክሽ፣ ሲደርቅ ይጠፋል» አለቻት። እውነትም ደስ ይል ነበር። ፋና አርብ ዕለት ክፍል ስትገባ ከኋላዋ ያለው ልጅ ምንም አላለም። ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር፣ ምንም አለመባልን።

ቅዳሜ ጠዋት ሻርፗ ላይ ረጨት ረጨት አድርጋ ሚኒባስ ገባች። ጠበላ ከተማ ወርዳ አንድ ሰዓት ተኩል በፀሐይ ተጓዘች። ቤት ስትደርስ መቀመጥ እንኳ አላገኘችም፤ እናቷ አሳየሽ፣ «አባትሽ ማር ሊቆርጥ ስለሆነ ሂጂና እርጂው» አለቻት።

አባቷ ቦልቴ ስድስት ዘመናዊ ቀፎ አለው። ማር በሚቆረጥበት ቀን ሕጉ ጥብቅ ነው። ቀፎ ጋ የሚደርስ ሰው በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠባል፤ ሳሙና የለም፣ ቅባት የለም፣ ሽንኩርት እንኳ አይበላም። ንብ ሽታ አትወድም። ከሁሉም በላይ የመጠጥ ሽታ ያሳብዳታል፤ ይህን በዚያ አካባቢ ሕፃንም ያውቀዋል።

ፋናም ታውቃለች። ፊቷን፣ እጇንና እግሯን በውኃ ብቻ ታጠበች። ነገር ግን የፊት መከላከያው መረብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያጠልቀው አባቷ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሻርፗን ራሷና አንገቷ ላይ ጠምጥማ ዓይኗን ብቻ አስቀረች። ሽታው ትዝ አላላትም። ከጠዋት ጀምሮ አብሯት ስለዋለ አፍንጫዋ ለምዶታል። ድካሙም ነበረበት፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የምታስበው ቶሎ አልቆ መቀመጥን ብቻ ነበር።

ከጎኗ ጢስ ማጨሻውን ይዘው የቆሙት ጋሽ ኤርካሎ ናቸው። ጎረቤታቸው ናቸው፤ በአህያ ጋሪ ዕቃ ያመላልሳሉ። ማሩን ጠበላ ገበያ የሚያደርሱት እሳቸው ስለሆኑ ሲቆረጥም ሁልጊዜ ይረዳሉ። አህያቸውን ራቅ ብሎ ካለው ግራር ሥር አስረዋታል።

አባቷ የቀፎውን ክዳን ሊያነሳ ሲል ቀና ብሎ አየሩን አሸተተ። መጠጥ መጠጥ የሚለው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ ሳይጠብቅ ክዳኑን አነሳ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፋና በቅደም ተከተል አታስታውሰውም። ንቦቹ ገንፍለው ወጡ፣ ቀጥታም ወደ እሷ አንገት መጡ። ጮኸች። ጋሽ ኤርካሎ ኮታቸውን አውልቀው ሸፈኗትና እየጎተቱ በቆሎ ማሳው ውስጥ ከተቷት። እሳቸው ራቁት በቀረው ክንዳቸውና በፊታቸው ሁሉ ተነደፉ፤ አባቷም ተነደፈ። የታሰረችው አህያ ግን ወዴት ትሩጥ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

አባቷ ውሸታም ሰው አይደለም። ምን ነካቸው ብሎ ለጠየቀው ሁሉ የሸተተውን ተናገረ፤ ማንንም በስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ጋሽ ኤርካሎ ሃያ ዓመት የጠጡ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በጸሎት ቤቱ በጉባኤ ፊት ቆመው ትቻለሁ አሉ፣ ተዉም። ጥለዋቸው ሄደው የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች የተመለሱት ያኔ ነው። እንግዲህ መጠጥ ሸተተ ሲባል የሰው ሁሉ ዓይን ወዴት እንደሚዞር ግልጽ ነው። እሑድ ዕለት ከአምልኮ በኋላ ሰው ሰላም ሲባባል ጋሽ ኤርካሎ ብቻቸውን ቆመው ነበር።

ፋና እሑድ ከሰዓት ወደ ሶዶ ስትመለስ ነው የገባት። ሚኒባስ ውስጥ ነፋሱ ሲበዛባት ሻርፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ልትደርብ ስትል ሸተታት። አድሮ ስለነበር አፍንጫዋ እንደ አዲስ ነው ያገኘው፤ የሚጣፍጥ፣ የሚያቃጥል፣ ልክ ጠጅ የፈሰሰበት ነገር። እጇ ላይ እንደያዘችው ደርቃ ቀረች። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ አመመሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

ሰኞና ማክሰኞ ለማንም አልተናገረችም። ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፣ መምህሩ ይጽፋል፣ እሷም ትገለብጣለች፤ ምን እንደገለበጠች ግን አታውቅም። ረቡዕ እናቷ ደወለች። ስለ ዱቄቱና ስለ አንገቷ ከጠየቀች በኋላ ድምፅዋን ቀንሳ በወላይትኛ የሰፈሩን ወሬ ነገረቻት። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች በሚመጣው እሑድ ጋሽ ኤርካሎን ሊጠይቋቸው ቀጠሮ ይዘዋል። ጠጥቻለሁ ብለው ንስሐ ከገቡ ይታለፍላቸዋል፤ እሳቸው ግን አልጠጣሁም ብለው ድርቅ ብለዋል፤ ስለዚህ ስማቸው ከአባላት መዝገብ መሰረዙ አይቀርም። ለአህያዋ ሊዋጣላቸው የነበረውም ቀርቷል። ለጠጪ ማን ያዋጣል? እትዬ አስናቀችም ልብሳቸውን ሰብስበዋል የሚል አለ።

ፋና ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለጄሪ ሁሉንም ነገረቻት። ጄሪ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ቀጥላ ግን ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ስሚኝ፣ ሆድ ይፍጀው በይ» አለቻት። «ከተናገርሽ አባትሽ ሶዶ አንድ ቀን አያሳድርሽም። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

እሷ ናት የነገረቻት፣ አዎ። መስከረም ላይ አባቷ ሶዶ ሊልካት ሲያመነታ፣ የስምንተኛ ክፍል መምህሯ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የለመነላት። አባቷም በመጨረሻ እሺ ሲል፣ ከተማ አበላሻት የሚል አንድ ወሬ ከሰማሁ በዚያው ቀን ትመለሻለሽ ብሏታል። ቦልቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሽቶ ተቀብታ ቀፎ ጋ ቆማ፣ የሰው አህያ አስገድላ፣ የሰው ስም አስጠፍታ፤ ከዚህ በላይ ምን ወሬ ይፈልጋል?

ጄሪ ለራሷም ፈርታለች፤ ሳታስፈቅድ ዘይት መቅዳቷን አክስቷ ከሰማች ከሱቁ ታባርራታለች። ግን ክፉ ልጅ አይደለችም። ያን ቀን ምሳ ሠርታ ለፋና አቀረበችላት፣ ፋና አልበላ ስትል ደግሞ እሷም ሳትበላ ዋለች።

ቅዳሜ ፋና ከጠበላ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዳገቱ ሥር አንድ ጋሪ አየች። በቆሎ በጆንያ ተጭኖበታል። አህያ የለውም። በአህያዋ ቦታ ገብተው የሚጎትቱት ጋሽ ኤርካሎ ናቸው። ፊታቸው ላይ እብጠቱ ገና አልጠፋም። ፋና ዝም ብላ ቦርሳዋን ጆንያው ላይ አስቀመጠችና ከኋላ ትገፋ ጀመር። መንኮራኩሩ ሲቀልላቸው ዞረው አዩዋት፣ ሰላምታ ሰጧት፣ ስለ ትምህርቷ ጠየቋት። ፈተናው ከብዷት እንደሆነ፣ ቤቱ ይሞቅ እንደሆነ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግን አልቻለችም።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ ያን ዕለት የሸተተው…»

«ሙዝ ነበር» አሉ ሳይዞሩ።

ፋና መግፋቷን አቆመች።

«ሃያ ዓመት የጠጣሁ ሰው ነኝ፤ መጠጥ የሚሸትና መጠጥ የሚመስል አይምታታብኝም። ከጎኔ እኮ ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ጋሪውን በድንጋይ አቁመው ላባቸውን ጠረጉ። «ማን ያምነኛል ልጄ? ጠጪው በሰው ልጅ ላይ አሳበበ ነው የሚባለው። አባትሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ከትምህርት ያስቀርሻል። እኔ ደክሞኛል፤ የፈለጉትን ይበሉኝ። አንቺ ተማሪ።»

ፋና እፎይ አለች። ምን ይደበቃል፣ እፎይ ነው ያለችው። የበደለችው ሰው ራሱ ዝም በይ ብሏታል፤ ከዚህ ወዲያ ማን ይጠይቃታል? የቀረውን ዳገት ስትገፋ ጋሪው የቀለላት መሰላት። ነገ ትመለሳለች፣ ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ይረሳል ብላ አሰበች።

የጋሽ ኤርካሎ ደጅ ሲደርሱ እትዬ አስናቀች ወጡ። ፋናን በራስ ንቅናቄ ሰላም አሏት። ጆንያውን ለማውረድ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ወደ ባላቸው ጠጋ አሉና አፋቸውን አሸተቱ። ጋሽ ኤርካሎ አልተቆጡም። ለምደውታል መሰለኝ፣ እንዲሸተት አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ቆሙ። እትዬ አስናቀች የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዙና አብረው አወረዱት። ፋና ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤቷ አቀናች።

እሑድ አምልኮው ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገቡ። አባቷ ለምስክርነት ተጠርቶ አብሯቸው ገባ። ጋሽ ኤርካሎ ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ከኋላ ተከተሉ። እናቷ አሳየሽ የዱቄቱን ከረጢት አንስታ፣ ሚኒባስ ሳያመልጥሽ ቶሎ በይ አለቻት። ፋና መጣሁ አለች፤ ግን አልሄደችም።

እትዬ አስናቀች ብቻቸውን ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ሴቶች በሌላ በኩል ቆመው ያወራሉ። ወደ መንገዱ ብትዞር ሶዶ አለ፣ ደብተሮቿ አሉ፣ የሰኞው ፈተና አለ፣ ጄሪ አለች። ወደዚያች ክፍል ከገባች ምናልባት ይህ ሁሉ ዛሬ ያበቃል። ፈርታለች። ጋሽ ኤርካሎ አፋቸውን ከፍተው የቆሙበት ሁኔታ ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ነገም እንዲያው ሊቆሙ ነው፣ ከነገ ወዲያም።

«እናቴ፣ አንቺ ሂጂ» አለች። «ዛሬ ሚኒባሱ ይለፈኝ።»

እናቷ ምን ሆነሽ ነው ስትል ፋና ወደ ግድግዳው ሄደች።

«እትዬ አስናቀች፣ አብረውኝ ይግቡ።»

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩዋት። ያልተጠራ ሰው እንደማይገባ ነገሯት። ፋና እንደምታውቅ ነገረቻቸውና እጇን ዘረጋች። እትዬ አስናቀች እጇን ይዘው ሳይሆን ድንጋዩን ተደግፈው ተነሱ፤ ግን ተነሱ።

ክፍሏ ትሞቃለች። አምስት ሽማግሌዎች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ጋሽ ኤርካሎ ፊት ለፊታቸው በረጅሙ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ናቸው። አባቷ ቆሞ እየተናገረ ነበር፤ በሩ ሲከፈት አቋረጠ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ሚልክያስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ እሳቸውም የደከማቸው ይመስላሉ። ልጄ፣ አልተጠራሽም፣ ውጪ አሏት በደህና ቃል።

ፋና ሄዳ አግዳሚው ላይ ከጋሽ ኤርካሎ አጠገብ ተቀመጠች። እሳቸው ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ ተመለሺ አሏት። አባቷ ስሟን ጠራ። እሷ ወደ አባቷም፣ ወደ አቶ ሚልክያስም አላየችም። ወደ አባቷ ካየች እንደማትናገር ታውቃለች። በሩ ላይ የቆሙትን ሴት አየች።

«እትዬ አስናቀች፣ እሳቸው አልጠጡም» አለች። «የሸተትኩት እኔ ነኝ።»